የላላ የእንጨት ዕቃ መገጣጠሚያ ጥገና

የላላ መገጣጠሚያ ጥገና ማለት በአሮጌ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ ወይም ሳጥን ላይ መወዛወዝ የጀመረውን ማያያዣ ፈትቶ፣ አሮጌውን ሙጫ አጽድቶ፣ ክፍተቱን ሞልቶ መልሶ የማጣበቅ የአናጢነት ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ ሥራውን ከአሶሳ ከተማና ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የአየር ንብረት፣ እንጨትና የቤት ዕቃ ጋር አያይዞ ይገልጻል።

አሶሳ በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የክልሉ ርዕሰ ከተማ ናት። ዝናቡ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከዚያ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል። በአካባቢው ቤቶች ሦስት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ይገኛል፦ አናጢ በመሮና በሙጫ የሠራው የዋንዛ ወይም የባሕር ዛፍ ወንበርና ጠረጴዛ፣ በጠፍር ወይም በገመድ የተወጠረ አልጋ፣ እንዲሁም የቀርከሃ ዕቃ። ሦስቱም ይላላሉ። የሚላሉበት ምክንያት ግን የተለያየ ስለሆነ ለአንዱ የሚበጀው ጥገና ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል።

መገጣጠሚያ ለምን ይላላል

ብዙ ሰው ወንበር የሚላላው ሙጫው ስላረጀ ወይም ከባድ ሰው ስለተቀመጠበት ይመስለዋል። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ዋናው ምክንያት ግን እንጨት ተቆርጦ ከደረቀ በኋላም ከአየሩ እርጥበት መቀበሉንና መልቀቁን አለማቆሙ ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 ከመቶ ሲሆን እንጨት የደረቅ ክብደቱን 16 ከመቶ የሚያህል ውኃ ይይዛል፤ የአየሩ እርጥበት ወደ 30 ከመቶ ሲወርድ ደግሞ የሚይዘው ውኃ ወደ 6 ከመቶ ዝቅ ይላል። የነሐሴ ዝናብና የየካቲት ድርቀት የሚፈራረቁባት አሶሳ እንዲህ ላለው ለውጥ የተመቸች ናት።

እንጨት ሲያብጥም ሆነ ሲኮማተር በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቃጫው ርዝመት የሚታየው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በቃጫው አግድም ግን ርጥቡ እንጨት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ እንደ ዓይነቱና እንደ አሰነጣጠቁ ከ4 እስከ 10 ከመቶ ሊኮማተር ይችላል። ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመቀመጫ ጠርዝ በክረምትና በበጋ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሰፋል፣ ይጠባል። በሌላ ቦታ ትንሽ የሚባለው 1 ሚሊ ሜትር ለወንበር መገጣጠሚያ ብዙ ነው።

በተለመደው መገጣጠሚያ የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በሌላው ላይ በመሮ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የምላሱ ቃጫ በአግድም ሲሄድ የእግሩ ቃጫ ሽቅብ ይቆማል። ስለዚህ ምላሱ በክረምት ቁመቱ ሲያብጥ ጉድጓዱ አብሮት አይሰፋም። የሚሄድበት ስለሌለው የምላሱ ጠርዝ ቃጫዎች ይጨፈለቃሉ። በጋ ሲመጣ ምላሱ ይኮማተራል፤ ተጨፍልቆ ስለነበር ግን መጀመሪያ ከነበረው መጠን ያንሳል። ሙጫውም በሁለቱ እንጨቶች መካከል እየተጎተተ ይሰነጣጠቃል። ባለቤቱ ወንበሩ መወዛወዙን የሚያስተውለው በየካቲት ይሆናል፤ ጉዳቱ የደረሰው ግን ወንበሩ ጥብቅ ብሎ በቆመበት በነሐሴ ነው።

ክብ ዘንግ በክብ ቀዳዳ ውስጥ የገባበት መገጣጠሚያ ከዚህም ይብሳል። ዘንጉ ሲደርቅ ክብነቱን ትቶ ሞላላ ስለሚሆን ቀዳዳውን የሚነካው በሁለት ወገን ብቻ ነው። ከወንበር ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚላላው የእግር ማያያዣ ዘንግ የሚሆነው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ለመገጣጠሚያ ችግር ጥንታዊው መፍትሔ መገጣጠሚያ አለማድረግ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ሊሰነጠቅ ይችላል እንጂ አይላላም። የሚፈልገው ወፍራም ግንድ ግን ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።

የእንጨቱ ዓይነት

በኢትዮጵያ ለቤት ዕቃ ከሚመረጡ እንጨቶች ዋንዛ ግንባር ቀደሙ ነው። ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ለመላግና ለመቅረጽ ይመቻል፤ በአግባቡ ከደረቀ ብዙም አይጣመምም። ሙቀጫ፣ ከበሮና ቀፎም ይሠራበታል። በዚህ ተፈላጊነቱ የተነሣ ተመናምኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94/1986 በመንግሥትና በክልል ደን ውስጥ በተፈጥሮ የበቀለ ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በኋላ በሌሎች ሕጎች ቢተካም ዛፎቹ አሁንም ጥበቃ የሚሹ ናቸው። እንግዲህ አንድ ያረጀ የዋንዛ ወንበር ስለተወዛወዘ ብቻ ወደ ማገዶ ሲሄድ የሚጠፋው ዳግመኛ በዚያ ውፍረትና ጥራት የማይገኝ ጣውላ ነው።

ባሕር ዛፍ በብዙ ቦታ የዋንዛን ቦታ ተክቷል። ጠንካራና በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሳይደርቅ የተሠራ የባሕር ዛፍ ወንበር በመጀመሪያው በጋ መላላቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ዕቃ በሚገባ እስኪደርቅ ድረስ ማጣበቅ ድካም ነው፤ አንድ በጋ አሳልፎ መጠገን ይሻላል።

ምርመራ

ወንበሩ ደልዳላ ወለል ላይ ይቆምና አንድ እጅ በመቀመጫው፣ ሌላው በመደገፊያው ላይ ሆኖ በቀስታ ይነቀነቃል። ከድምፁ ይልቅ ዓይን የበለጠ ይናገራል፤ በላላው መገጣጠሚያ ዙሪያ ጥቁር መስመር ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል። አንዱ ማያያዣ ከላላ ሸክሙ ወደ ሌሎቹ ስለሚዞር ሁሉንም አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ አጣብቆ ሌሎቹን መተው ጥገናውን ዕድሜ ያሳጣዋል።

በአሶሳ አካባቢ ከዚህ ጋር የማይዘለል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ምስጥ ነው። ምስጥ ከወለሉ ተነሥቶ በእግሩ ውስጥ ለውስጥ ስለሚወጣ ላዩ ቀለሙን እንደጠበቀ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። እግሩ በመሮ እጀታ ሲመታ የደፈነ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ እንደ ቅል ከጮኸ ግን ችግሩ ከሙጫ ያልፋል። ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው የሚራገፍ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ደግሞ የነቀዝ ምልክት ናቸው። የተበላ ምላስ ሙጫ አይዘውም። ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ይተካል።

ሙጫውን መለየት

ከጥገናው በፊት ዕቃው በምን እንደተጣበቀ ማወቅ የግድ ነው። አሮጌ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ተፈልቶ በሚወጣ ሙጫ የተሠራ ነው። ይህ ሙጫ በጥንታዊት ግብፅ ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት በሥራ ላይ የነበረ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ የአናጢዎች ዋና ማጣበቂያ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ዕቃ በአብዛኛው የተጣበቀው አናጢዎች ኮላ በሚሉት ነጭ የፖሊቪኒል አሲቴት ሙጫ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ከመገጣጠሚያው ዳር በደረቀው ጠብታ ላይ ሙቅ ውኃ ማንጠብጠብ ይበቃል። የቆዳ ሙጫ ከሆነ ጥቂት ቆይቶ ይልሞሰሞሳል፣ በጣት ሲነካ ይጣበቃል፣ የተቀቀለ ቆዳም ይሸታል። ነጩ ኮላ ግን ይነጣና እንደ ላስቲክ ይለሰልሳል። ከሁለቱ አንዱንም ካላሳየ ኤፖክሲ ወይም ሌላ ውኃ የማይበግረው ማጣበቂያ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ የሚያመጣው ውጤት ቀላል አይደለም። አዲስ የቆዳ ሙጫ አሮጌውን የቆዳ ሙጫ አሟሙቶ ከእርሱ ጋር ይዋሐዳል። ኮላ ግን በደረቀ ኮላ ላይ አይዝም። በላላ መገጣጠሚያ ዙሪያ ኮላ አፍስሶ መተው ከንቱ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ አዲሱ ኮላ የሚያርፈው አሮጌው ላይ እንጂ እንጨቱ ላይ አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት የያዘ ይመስላል፤ ከዚያ መልሶ ይወዛወዛል፤ የሚቀጥለው ጠጋኝ ደግሞ ሁለት ዙር ሙጫ መጥረግ ይጠበቅበታል።

መፍታት

ከመፍታቱ በፊት እያንዳንዱ እንጨት በእርሳስ ወይም በወረቀት ምልክት ይደረግበታል። አራት እግር ያለው ወንበር ሲፈታ ሁሉም ተመሳሳይ ይመስላል፤ አሮጌ አናጢ በእጅ የቦረቦረው ጉድጓድ ግን ከራሱ ምላስ በቀር ሌላ አይቀበልም።

ቀጥሎ ሚስማር፣ ቪቴ ወይም የእንጨት ችንካር አለመኖሩ ይታያል። በችንካር የተያዘ መገጣጠሚያ ችንካሩ በትራፓኖ ተቦርቡሮ ሳይወጣ ከተመታ ጉድጓዱ ይተረተራል። ከዚያ የላላው ማያያዣ በእንጨት መዶሻ፣ ወይም ጨርቅ የተጠመጠመበት ጣውላ በመሃል አስገብቶ በብረት መዶሻ፣ ከመገጣጠሚያው አጠገብ ቀስ እየተባለ ይመታል። ከሩቅ የተመታ እንጨት ይወድቅና ምላሱን ይሰብራል።

አልላቀቅ ካለ የቆዳ ሙጫ በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅና በሙቀት ይለሰልሳል። ንጹሕ ስፕሪት በቀጭን መርፌ ወደ መገጣጠሚያው ቢገባም ሙጫውን አድርቆ ስለሚያሰባብረው ይረዳል፤ ስፕሪቱ ግን የዕቃውን ቀለም ሊያነሣ ስለሚችል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነጩን ኮላ ለማለስለስ የሞቀ አቼቶ ይሻላል። በደህና የያዘውን መገጣጠሚያ ግን ሁሉም ይፈታ በሚል አሳብ ማስገደድ አይገባም።

ማጽዳትና ክፍተት መሙላት

የሥራው አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው እዚህ ነው፤ ብዙ ጥገናም የሚበላሸው ይህ ክፍል ሲዘለል ነው። አሮጌው ሙጫ ከምላሱ በመሮ ስለት እየተፋቀ፣ ከጉድጓዱ በጠባብ መሮ እየተጠረገ የእንጨቱ ተፈጥሯዊ ገጽ እስኪታይ ድረስ ይነሣል። የሚፋቀው ሙጫው ብቻ ነው። ምላሱን በብርጭቆ ወረቀት አብዝቶ ማሸት እንጨቱን ያሳንሳል፤ መጀመሪያውኑ ችግሩ መጠኑ ማነሱ ነበር።

ከጸዳ በኋላ ምላሱ ያለ ሙጫ ገብቶ ይሞከራል። በእጅ ግፊት ገብቶ በራሱ ክብደት የማይወድቅ ከሆነ ልኩ ነው። ልል ከሆነ ክፍተቱ መሞላት አለበት። በየቦታው የተለመደው ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሶ መጠቅጠቅ ነው። ይህ ለላይ ስንጥቅ መሸፈኛ ሊሆን ይችላል፤ ሸክም ለሚሸከም መገጣጠሚያ ግን ደካማ ነው፤ ውስጡ በቃጫ ያልተያያዘ ብናኝ ነውና። የተሻለው መንገድ ከተመሳሳይ እንጨት በመላጊያ ስስ ልጣጭ አንሥቶ፣ ቃጫው ከምላሱ ቃጫ ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ አድርጎ በምላሱ ጉንጭ ላይ ማጣበቅና ሲደርቅ በልክ መላግ ነው። ልጣጩ በሁለቱም ጉንጭ እኩል ካልሆነ ወንበሩ ይጣመማል።

በእግሩ ወዲያ ማዶ የሚወጣ ምላስ ሲሆን በሽብልቅ ማጥበቅ ይቻላል። የምላሱ ጫፍ በመጋዝ ይሰነጠቅና ከገባ በኋላ ቀጭን የጠንካራ እንጨት ሽብልቅ በሙጫ ይመታበታል። ሽብልቁ ምላሱን መግፋት ያለበት ሽቅብና ቁልቁል፣ ማለትም በእግሩ ቃጫ አቅጣጫ ነው። ወደ ጎን እንዲገፋ ከተደረገ እግሩን ራሱን ይሰነጥቀዋል።

ማጣበቅና ማሰር

ሁሉም ዕቃ፣ ማሰሪያውም ጭምር፣ ሙጫው ከመከፈቱ በፊት ይዘጋጃል። ኮላ ከተቀባ በኋላ ለመገጣጠም ያለው ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ከዚህም ያጥራል። ኮላው በምላሱም በጉድጓዱም ግድግዳ ላይ በስሱ ይቀባል። ጉድጓዱን በኮላ መሙላት አይጠቅምም፤ ምላሱ ሲገባ መውጫ ያጣው ፈሳሽ እንጨቱን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። በቆዳ ሙጫ የሚሠራ ሰው ደግሞ ቅንጣቱን ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ፣ ሙጫው ያለበትን ዕቃ በሙቅ ውኃ ድስት ውስጥ አስቀምጦ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያሞቀዋል። የፈላ የቆዳ ሙጫ ጉልበቱን ያጣል።

ሙጫ ያለ ግፊት አይዝም። ሞርሳ ያለው በሞርሳ ያስራል። (ሞርሳ፣ ትራፓኖና ሰጋቱራ፣ እንደ ሌሎች ብዙ የአናጢ ቤት ቃላት፣ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።) የሌለው ገመድ በአራቱ እግሮች ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዙሮ፣ በመሃሉ አጭር ዱላ አስገብቶ እየጠመዘዘ ያጠብቀዋል። ማዕዘኖቹ እንዳይበሉ ከገመዱ ሥር ጨርቅ ወይም ካርቶን ይደረጋል። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ የተቆረጠ ረጅም ጥብጣብም ለክብና ለተጣመመ ዕቃ ከሞርሳ ይልቅ ይመቻል፤ ሲወጠር በሁሉም ወገን እኩል ይጭናል።

ሙጫው ገና ርጥብ ሳለ ወንበሩ ደልዳላ ወለል ላይ ቆሞ አራቱም እግሮች መሬት መንካታቸው፣ ማዕዘኑም በስኳድራ ይታያል። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በገመድ ሲለካ ሁለቱ ርቀቶች እኩል መሆን አለባቸው። ተርፎ የወጣው ሙጫ ወዲያው በርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ማሰሪያው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አይፈታም፤ ሰው የሚቀመጥበት ግን 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ሚስማር

የላላ ወንበር ሲታይ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሚስማር ነው። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለጊዜውም ያጠነክራል። ነገር ግን ምላሱ በጉድጓዱ ውስጥ መንቀሳቀሱን አያቆምም፤ ሚስማሩ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይይዘዋል፤ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴም ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ሚስማሩ የሚመታው እንጨቱ አስቀድሞ በተቦረቦረበት በደካማው ቦታ ስለሆነ ምላሱን ወይም እግሩን ይሰነጥቃል። በክረምት ይዝግና ዙሪያውን ያጠቁራል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ቀጣዩን ጥገና መዝጋቱ ነው፤ በሚስማር የተመታ ወንበር ሳይሰበር አይፈታም። ሚስማሩን ለማውጣት በራሱ ዙሪያ ያለው እንጨት በቀጭን መሮ ተፈልፍሎ በጉጠት ይሳባል፤ የቀረው ጠባሳም በእንጨት ይደፈናል።

ብረት ፈጽሞ አይገባም ማለት ግን አይደለም። በመቀመጫው ሥር፣ በአራቱ ማዕዘኖች ባለ ሦስት ጎን የእንጨት ድጋፍ አስቀምጦ በቪቴ ማሰር የቆየና መልካም ዘዴ ነው። ቪቴው ድጋፉን ከጠርዞቹ ጋር ያያይዛል እንጂ በመገጣጠሚያው ውስጥ አያልፍም፤ ሲያስፈልግም በካቻቪቴ ይፈታል።

የጠፍር አልጋ

በኢትዮጵያ ገጠር የኖረው የጠፍር አልጋና በሱዳን አንጋሬብ የሚባለው የገመድ አልጋ በአሠራር ዘመዳሞች ናቸው። አራት እግር፣ አራት ዘንግ፣ ከዚያ በላይ የተሸመነ ጠፍር ወይም ገመድ። የዘንጎቹ ጫፍ በእግሮቹ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ያለ ሙጫ ነው። መገጣጠሚያውን የሚይዘው ውጥረቱ ነው፤ ጠፍሩ ዘንጎቹን ወደ ውስጥ ሲስብ ምላሶቹ ከጉድጓዳቸው ጋር ይጨናነቃሉ። የተኛበት ሰው ክብደትም ውጥረቱን ይጨምራል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አልጋ ሲወዛወዝ ኮላ ማፍሰስ ስሕተት ነው። የሚጠገነው ጠፍሩ ነው። ያልለፋ ቆዳ በጠባቡ ተቆርጦ በውኃ ከራሰ በኋላ ሳይደርቅ ይሸመናል፤ ሲደርቅ ራሱ ተኮማትሮ አልጋውን ያጠብቀዋል። በክረምት እርጥበት ሲረግብ ደግሞ ጫፉን ፈትቶ እንደገና መሳብ ይበቃል። የተሰነጠቀ እግር ካለ በርጥብ ጠፍር ተጠምጥሞ ይታሰራል፤ ይህም ከብረት ቀለበት ባልተናነሰ ይይዛል።

የቀርከሃ ዕቃ

ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት፤ የደጋና የቆላ። የቆላው ዋና መገኛ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው። ግንዱ ከደጋው በተለየ ውስጡ ድፍን ወይም ግድግዳው በጣም ወፍራም ነው፤ በጅምላ ካበበ በኋላም ይደርቃል። በክልሉ ለቤት፣ ለአጥርና ለቤት ዕቃ ከሚያገለግሉት ዋናዎቹ አንዱ ነው።

ቀርከሃ በቃጫው ርዝመት በቀላሉ ይሰነጠቃል። ሳይበሳ ሚስማር የተመታበት ቀርከሃ ከጫፍ እስከ አንጓው ይከፈታል። ላዩ ለስላሳና ሰም መሰል ስለሆነም ኮላ አይጨብጠውም። የላላ የቀርከሃ መገጣጠሚያ የሚጠገነው ማሰሪያውን በመተካት ነው፤ መገናኛው ከአንጓ አጠገብ ሆኖ፣ በትራፓኖ ተበስቶ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ችንካር ከገባበት በኋላ በርጥብ ጠፍር ወይም በጠንካራ ገመድ በመስቀለኛ ይታሰራል። ነቀዝ ቀርከሃን የሚወደው በውስጡ ስላለው ስታርች ነው። ለመተኪያ የሚሆነው ግንድ በበጋ የተቆረጠ፣ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለውና ለጥቂት ሳምንታት በውኃ ተዘፍዝፎ በጥላ የደረቀ ቢሆን ይመረጣል።

ወቅቱ

በነሐሴ፣ እንጨቱ ባበጠበት ጊዜ የተጠገነ ምላስ በየካቲት ይከሳል። በየካቲት ድርቀት ያለ ምንም ክፍተት ተጨናንቆ የገባ ምላስም በክረምት ይጨፈለቃል። ለአሶሳ አየር የሚስማማው ዝናቡ ካቆመና እንጨቱ ጥቂት ሳምንታት ከደረቀ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው። በሌላ ጊዜ መጠገን ግድ ከሆነ ዕቃው ለሁለት ሳምንት ያህል በቤት ውስጥ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ መቆየት አለበት። ጥገናው ካለቀ በኋላም ለእርጥበት በጣም የተጋለጠው የእግሩ ጫፍ ነው፤ በተቆረጠው የቃጫ ጫፍ ላይ ቫርኒሽ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲቀባ፣ ከሥሩም ቀጭን ጎማ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲደረግ፣ ውኃ ሽቅብ ወደ መገጣጠሚያው አይሳብም፤ የምስጥ መውጫም ከሩቅ ይታያል።